ካርዴን «ሊሚት ጨምሩልኝ» ልበል ወይስ ልታገስ?

የደረሰኝ ጥያቄ፣ ትንሽ አሳጥሬው፣ ይኼ ነው፦

«ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በዲቪ ከሄድኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከ10 ወር በፊት የመጀመሪያ ክሬዲት ካርዴን አወጣሁ፤ ሊሚቱ 500 ዶላር ነው። ክፍያ አሳልፌ አላውቅም። አሁን ለእህቴ ሠርግ ባሕር ዳር መጥቻለሁ። ለእንግዶች ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ሁለት ክፍል ያዝኩና ካርዱን ሰጠሁ። በማግስቱ ሌላ ነገር ልከፍልበት ስል አልሠራም አለ። አፑን ሳየው 130 ዶላር እኔ ያጠፋሁት ነው፤ 300 ደግሞ የሆቴሉ ሆኖ «ፔንዲንግ» ይላል። አጎቴ «ደውለሽ 3,000 አስደርጊው፣ ለሠርጉም ይሆናል» ይሉኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «እንዳትሞክሪው፣ ስኮርሽ ይወርዳል» ትለኛለች። የማንን ልስማ? ስንትስ ልጠይቅ? ከዚህ ሆኜ ይሆናል?»

እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። የእህትሽንም ጋብቻ የአብርሃምና የሣራ ያድርግላት። በጥር ባሕር ዳር ላይ ሁለት ክፍል ማግኘትሽ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሊሚት፣ ማለትም ካርዱ እስከ ስንት እንደሚያበድርሽ የተቀመጠውን ጣሪያ፣ ማስጨመር ይቻላል፤ እንዳልሽው ከሆነ አንቺም ብቁ ትመስይኛለሽ። ግን ዛሬ አይደለም። ከዚህ ሆነሽም አይደለም። 3,000ም አይደለም። ደግሞ ለዛሬው ችግርሽ መድኃኒቱ ሊሚት አይደለም፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። እኔ አሜሪካ ባንክ ውስጥ የካርድ ማመልከቻ የሚታይበት ክፍል ሠርቼ ነው ወደዚህ የተመለስኩት። ለዕረፍት የሚመጣ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝም ይህንኑ ነው።

«ፔንዲንግ» ማለት ሆቴሉ ገንዘቡን ገና አልወሰደውም፣ ግን አንቺ ሌላ ቦታ እንዳታጠፊው አስሮታል ማለት ነው። ሆቴሎች እንግዳ ሲገባ የክፍሉን ዋጋ፣ አንዳንዴም ትንሽ ጨምረው፣ ቀድመው ይይዛሉ። እንግዳው ሲወጣ ትክክለኛው ሒሳብ ይቆረጥና የተያዘው ይለቀቃል። መለቀቁ ግን ወዲያው አይሆንም፤ ቀናት ይፈጃል። 5,000 ዶላር ሊሚት ያለው ሰው ይኼንን ነገር ሳያየው ያልፋል። 500 ላለው ግን ካርዱ ሞተ ማለት ነው።

እና ዛሬውኑ ሪሴፕሽን ሂጂ። ሒሳቡን በሌላ መንገድ እንደምትከፍይ ንገሪያቸው። በዴቢት ካርድሽ ከኤቲኤም ብር ማውጣት ትችያለሽ። ዶላር ይዘሽ ከሆነም ባንክ ሄደሽ መንዝሪ፤ አሁን ባንኮቹ ዋጋቸው ስለሚለያይ ሁለት ሦስቱን ጠይቂ። ከዚያ የያዙትን እንዲለቁልሽ ጠይቂ። «እሺ፣ እንለቀዋለን» ስላሉሽ ብቻ አትውጪ። ካርዱን ሲጭሩት ከፖስ ማሽኑ የወጣውን ወረቀት ቅጂ ተቀበይ። ታች በኩል «አፕሩቫል ኮድ» የሚል፣ ብዙ ጊዜ ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር ታገኛለሽ። የተያዘው ገንዘብ ቆይቶ አልለቅ ካለ ባንክሽ ጋ ስትደውይ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው።

ያጠፋሽውን 130 ዶላር ደግሞ ዛሬ ማታ ከስልክሽ ክፈይው። የመክፈያው ቀን እስኪደርስ አትጠብቂ። ክፍያው በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ያን ያህል ቦታ ተመልሶ ይከፈታል። ለቀረውማ እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ከተማ ያ ካርድ ብዙ የሚሠራልሽ ነገር የለም። ባጃጁ ካርድ አይቀበል፣ ዓሣ ቤቱ አይቀበል፣ እንግዶችሽን ዘጌ ይዘሽ ብትሻገሪ ባለጀልባው አይቀበል። በብር ወይም በቴሌብር ነው ሁሉም የሚሄደው። አንድ ነገር ብቻ፦ የካርድሽን ውል ገልጠሽ የውጭ አገር ግብይት ክፍያ እንዳለው እዪ። ብዙ የጀማሪ ካርዶች ላይ እስከ 3 በመቶ ድረስ ይቆረጣል። እንደ ካፒታል ዋን ያሉ አንዳንዶቹ ግን አያስከፍሉም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ባንክ ሊሚት የሚጨምረው ለተቸገረ ሰው አይደለም፤ ላልተቸገረ ሰው ነው። ሲሰሙት ግፍ ይመስላል። ግን እዚህም የምናውቀው ነገር ነው። እቁብ ላይ ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው «ዋስ ጥራ» ይባላል። ምን ያህል ቸግሮት እንደነበር ማንም አይጠይቀውም። የሚፈለገው እስከ መጨረሻው ጥሎ እንደሚጨርስ የሚቆምለት ሰው ነው። ካርድ ላይ ዋስ የለም፣ የቤት ካርታ የለም፣ የመኪና ሊብሬ የለም። ዋስሽ ያለፉት 10 ወራት ብቻ ናቸው።

ያ ዋስነት በቁጥር ነው የሚነበበው። በብዛት የሚታየው ፊኮ የሚባለው ስኮር ሲሆን ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። በዚህ ስሌት ትልቁን ድርሻ፣ 35 በመቶውን፣ የሚይዘው በጊዜ መክፈልሽ ነው። ቀጥሎ 30 በመቶው ያለብሽ ዕዳ ነው፤ በተለይ ከተሰጠሽ ሊሚት ምን ያህሉን ይዘሻል የሚለው። የታሪክሽ ርዝመት 15 በመቶ ነው። አዲስ ብድር ማሰስሽና የብድር ዓይነትሽ እያንዳንዳቸው 10 ናቸው። የመጀመሪያውን አንቺ በደንብ ይዘሽዋል። የታሪክ ርዝመት ላይ ምንም ማድረግ አትችይም፤ የጊዜ ሥራ ነው። በእጅሽ ያለው 30 በመቶው ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ካርድ ላይ ሁለት ቀኖች አሉ። አንዱ ስቴትመንቱ፣ የወሩ የሒሳብ መግለጫ፣ የሚዘጋበት ቀን ነው። ሌላው ዱ ዴቱ፣ የመክፈያው መጨረሻ ቀን ነው። በአሜሪካ ሕግ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 21 ቀን ሊኖር ይገባል። ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚተክለው ዱ ዴቱ ላይ ነው። በዚያ ቀን ሙሉውን ከከፈልሽ ወለድ አይቆጠርብሽም፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። የሰውን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ድርጅቶች፣ ለክሬዲት ቢሮዎቹ፣ የሚላከው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ስቴትመንቱ በተዘጋ ቀን የነበረው ባላንስ ነው።

በቁጥር እንየው። ስቴትመንትሽ በወሩ 14ኛ ቀን ይዘጋል፣ ዱ ዴቱ የሚቀጥለው ወር 9 ነው እንበል። በወሩ ውስጥ 430 ዶላር ተጠቀምሽ። 9 ላይ ሙሉውን ከፈልሽ። አንቺ «ዕዳ የለብኝም» ብለሽ ትተኛለሽ። ሦስቱ ቢሮዎች፣ ኤክስፔሪያን፣ ኢኩፋክስና ትራንስዩኒየን፣ ዘንድ ግን በ14 የተላከው 430 ተጽፎ ተቀምጧል። ለ500 ስታካፍይው 86 በመቶ ነው። አንድ ቀን ሳታሳልፊ የከፈልሽው ልጅ፣ ዕዳ አንገትሽ ድረስ የደረሰ ትመስያለሽ። ከዚያው ገንዘብ 390 ዶላሩን በ11 ወይም በ12 ብትከፍይና 40 ዶላር ብቻ ብታስቀሪ ግን የሚጻፈው 40 ነው። 8 በመቶ ማለት ነው። ከኪስሽ የወጣው ገንዘብ ያው ነው፤ የተለየው የከፈልሽበት ቀን ብቻ ነው።

«ከ30 በመቶ በታች ይሁን» የሚል ምክር ሰምተሽ ይሆናል። 30 ላይ የቆመ አጥር የለም። ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል። ሊሚት ለመጠየቅ ከሆነ ከ10 በታች አውርጂው። «ትንሽ ዕዳ አስቀርተሽ ወለድ ብትከፍይ ስኮር ያድጋል» የሚል ወሬም አለ። ዲሲ አካባቢ ሐበሻ ካፌ ገብቶ ይኼን ያልሰማ ሰው የለም። ውሸት ነው። 40 ዶላሩ ስቴትመንቱ ላይ ይታይ፤ ከዚያ ዱ ዴቱ ሳይደርስ እሱንም ክፈይው። ለባንክ በነፃ የምትሰጪው ወለድ ምንም አይጨምርልሽም።

ደስ የሚለው፣ ይኼኛው የስኮር ክፍል ቂም አይዝም። ብዙ ባንኮች በሚጠቀሙበት ፊኮ 8 ላይ ባለፈው ወር 86 የነበረው በዚህ ወር 8 ከሆነ የሚቆጠረው 8ቱ ነው። እንደ ፊኮ 10ቲ ያሉት አዳዲሶቹ ስሌቶች ግን ወደ ኋላ ሄደው አካሄዱን ያያሉ። ካርዱን የሰጠሽ ባንክ ደግሞ የራሱን ታሪክ ስለሚያውቅ ምንም አይደበቀውም። ስለዚህ ለአንድ ወር ብቻ ፊት አሳምሮ ከመሄድ፣ ሁለት ሦስት ስቴትመንት ተከታትሎ ዝቅ ብሎ ቢዘጋ ይሻላል። በሌላ በኩል ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽ አትተይው። የማይነካ ካርድ ላይ ሊሚት መጨመር ለባንኩ ምንም ትርጉም የለውም። አስቤዛሽን፣ የስልክሽን፣ የአውቶቡስሽን ካርዱ ላይ አድርጊ፤ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ በፊት አብዛኛውን ክፈይ።

ጓደኛሽ የፈራችው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ባንክ ፋይልሽን የሚያይበት መንገድ ሁለት ነው። ሃርድ ፑል የሚባለው ሪፖርትሽ ላይ ሁለት ዓመት ይቀመጣል፤ ፊኮ የሚቆጥረው ግን የመጨረሻዎቹን 12 ወራት ብቻ ነው። ፊኮ ራሱ እንደሚለው ለብዙ ሰው አንዱ ሃርድ ፑል የሚያወርደው ከአምስት ነጥብ በታች ነው። እንዳንቺ ታሪኩ አጭር የሆነ ሰው ላይ ትንሽ ሊበዛ ይችላል። ያም ሆኖ የሚገድል አይደለም። ሶፍት ፑል ደግሞ ጭራሽ ስኮር አይነካም።

የትኛው እንደሚደረግ የሚወስነው ባንኩ ነው። ካፒታል ዋን ለሊሚት ጥያቄ የሚያደርገው ሶፍት ፑል እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። ሌሎቹ እንደ ሁኔታው ይለያያሉ። ስለዚህ «ሰብሚት» የሚለውን ከመንካትሽ በፊት ታች ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አንብቢ። ግልጽ ካልሆነልሽ ቻት ላይ ገብተሽ «ሃርድ ኢንኳይሪ ነው ወይስ ሶፍት?» ብለሽ ጠይቂ። ይኼን መጠየቅ ማመልከት አይደለም። ሶፍት ካሉሽ የጓደኛሽ ስጋት እዚያው አበቃ። ሃርድ ካሉሽ ደግሞ መልሱ «እሺ» እንደሚሆን እስክትተማመኚ ቆይ።

ማመልከቻው ራሱ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። አፑ ላይ ሊሚት መጠየቂያውን ስትነኪ አንድ አጭር ገጽ ይመጣል። ጠቅላላ የዓመት ገቢ። የሥራ ሁኔታ። የወር የቤት ኪራይ። አንዳንዱ ባንክ በወር ካርዱ ላይ ስንት እንደምታጠፊ ይጠይቃል። አንዳንዱ የምትፈልጊውን ሊሚት ያስጽፍሻል፤ አንዳንዱ አይጠይቅም። ማን እንደሚያገባ፣ ሠርጉ መቼ እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ስልክ ደውለሽ ብታስረጂም የምታናግሪያት ልጅ የምትሞላው ያንኑ ገጽ ነው።

የእኛ ሰዎች የሚጎዱት ገቢ የሚለው ቦታ ላይ ነው። ካርዱን ስታወጪ ስንት ብለሽ ነበር የሞላሽው? አዲስ የገባ ሰው ያኔ የነበረችውን የግማሽ ቀን ሥራ ጽፎ እዚያው ይረሳታል። ያኔ ነርሲንግ ሆም በሳምንት 20 ሰዓት ትሠሪ ከነበረና አሁን ሙሉ ሰዓት ከሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ ፓርኪንግም ጨምረሽ ከሆነ፣ ባንኩ ይኼን ሁሉ በየት ያውቃል? እሱ ዘንድ አንቺ አሁንም የ20 ሰዓቷ ልጅ ነሽ። ሊሚት ባትጠይቂ እንኳ ፕሮፋይልሽ ውስጥ ገብተሽ ገቢሽን አድሺ።

የሚጻፈው ታክስ ከመቆረጡ በፊት ያለው የዓመት ገቢ ነው። ደመወዝ፣ ቋሚ የሆነ ኦቨርታይም፣ ሁለተኛ ሥራ ይገባል። ኡበር ነድተሽ ከሆነ ወጪው ከተቀነሰ በኋላ የቀረልሽ ይገባል። ዕድሜሽ 21 ከሞላና ባል ካለሽ፣ በጋራ የምትጠቀሙበትን የእሱን ገቢም ማስገባት ይፈቀዳል። ከ21 በታች ከሆንሽ የራስሽ ብቻ ነው። የደረሰሽ እቁብ ገቢ አይደለም፤ የራስሽ ገንዘብ ነው ተመልሶ የመጣልሽ። ይኼን ጽፎ የመጣ ሰው ስለማውቅ ነው የምነግርሽ።

ቁጥሩን አታሳብጪው። ባንኩ ገቢ የሚጠይቀው ነገር ሲፈልግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የካርድ ሕግ፣ ሊሚት ከመጨመሩ በፊት ሰውየው መክፈል መቻሉን እንዲያይ ያስገድደዋል። የደመወዝ ወረቀት አምጪ ሊልሽም ይችላል። ለባንክ አውቆ የሐሰት ገቢ መጻፍ ደግሞ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። አዲስ የመጣ ሰው፣ ገና ግሪን ካርድ የያዘ ሰው፣ በ1,000 ዶላር ሊሚት ምክንያት ስሙ እዚያ ውስጥ መግባት የለበትም።

ስንት ልጠይቅ ላልሽው፣ እኔ 1,000 እላለሁ። ገቢሽ በደንብ አድጎ ከሆነ 1,500። ከ500 ወደ 3,000 ማለት ስድስት እጥፍ ነው። በ10 ወር ካርድ ስድስት እጥፍ የሚጠይቅ ሰው ማመልከቻው ላይ «ምን ገጠመው?» ያሰኛል። አንዳንድ ባንክ ዝቅ አድርጎ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ በአንዴ አይሆንም ብሎ ይዘጋዋል። 1,500 ብታገኚ ምን እንደሚለወጥ እዪው፦ ዛሬ 86 በመቶ የሆነብሽ 430 ዶላር 29 በመቶ ይሆናል። ሆቴል 300 ቢይዝብሽም ካርዱ አይሞትም። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግሽ ነገር አሁን አይታየኝም።

ወደ አጎትሽ ልምጣ። ጋሼ ክፋት የላቸውም። እዚህ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሊሚቱ ያንቺ ገንዘብ መስሏቸው ነው። «3,000 ዶላር አላት» ነው የሚመስለው። ሊሚት ገንዘብ አይደለም፤ የመበደር ፈቃድ ነው። አስረጂያቸው። ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው «እስኪ ከኤቲኤም አውጪልን» ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፦ በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ አታውጪ። ካሽ አድቫንስ ይባላል። ዕቃ ስትገዢ የሚሰጥሽ የወለድ ዕፎይታ ለእሱ የለም፤ ብሩ ከማሽኑ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። የወለዱ መጠንም ብዙ ጊዜ ከዕቃ መግዣው ይበልጣል። በዚያ ላይ ክፍያ አለ፤ የተለመደው 5 በመቶ ወይም 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። 200 ዶላር ብታወጪ ገና ሳትነኪው 10 ዶላር ሄደ። የውጭ አገር ክፍያው ይጨመርበታል። የማሽኑ ባለቤት ባንክ የሚቆርጠውም ይኖራል። ለእህትሽ መስጠት የፈለግሽው ነገር ካለ ከዴቢትሽ ስጪ፣ ባለሽ መጠን።

ሠርጉን በካርድ መደገስም አይታየኝም። 2,000 ዶላር በ28 በመቶ ወለድ ቢያዝብሽ፣ የጀማሪ ካርድ ላይ ይኼ እንግዳ ቁጥር አይደለም፣ በመጀመሪያው ወር ወለዱ ብቻ ወደ 47 ዶላር ነው። ሚኒመሙን ብቻ እየከፈልሽ ከሄድሽ የድንኳኑ ዕዳ ከሙሽሮቹ ልጅ ጋር እያደገ ይሄዳል። ጋሼ እንዳይቀየሙሽ ካስፈለገ «ባንኩ እዚህ ሆኜ አይፈቅድም» በያቸው። ከሞላ ጎደል እውነት ነው።

ከሞላ ጎደል ያልኩት፣ የሚከለክል ሕግ ስለሌለ ነው። አፑ እዚህም ይከፈታል። ግን አስቢው። የባንኩ ሲስተም የሚያየው ሜሪላንድ የነበረች ደንበኛ በድንገት ከኢትዮጵያ ገብታ፣ ካርዷ ሞልቶ፣ የሆቴል ገንዘብ ተይዞባት፣ በዚያው ሰሞን ሊሚት ስትጠይቅ ነው። የተሰረቀ ካርድም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው የሚመስለው። ሊቆልፉት ይችላሉ። ለማረጋገጫ የሚላከው ኮድ የሚመጣው ደግሞ በአሜሪካው ስልክሽ ነው፤ ሲሙ እዚህ ካልሠራ ተያዝሽ። ቪፒኤን ከፍተሽ ሜሪላንድ ያለሽ ለመምሰልም አትሞክሪ፤ ጥርጣሬውን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። ካርዱ ከተቆለፈብሽ ጀርባው ላይ ለውጭ አገር ደዋይ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ በእሱ ደውይ። በዘመድ ስልክ አፑን አትክፈቺ።

ከተመለስሽ በኋላ ያለውን እንዲህ አድርጊ። የሆቴሉ ፔንዲንግ ጨርሶ መውረዱን ጠብቂ። ደመወዝሽ ከገባ በኋላ ገቢሽን አድሺ። ሁለት ስቴትመንት ከ10 በመቶ በታች ይዘጋ። ሁለተኛው ከተዘጋ ጥቂት ቀን ቆይተሽ፣ አዲሱ ቁጥር ቢሮዎቹ ጋ ከደረሰ በኋላ ጠይቂ። ያኔ ካርዱ አንድ ዓመት ይሞላዋል፤ ይኼም ያግዝሻል። እስከዚያ ሌላ ካርድ፣ የሱቅ ካርድ፣ የመኪና ብድር ምናምን አታመልክቺ። የቲሸርት ቅናሽ አለው ብለው ሱቅ ውስጥ ሲለምኑሽም እምቢ በይ። በመሃል አፑን እያየሽ ሂጂ፤ አንዳንድ ባንክ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ሳይጠየቅ ራሱ ይጨምራል። ካርድሽ ዲፖዚት አስይዘሽ ያወጣሽው ቢሆን ኖሮ መንገዱ ይለይ ነበር፦ ወይ ዲፖዚት ትጨምሪያለሽ፣ ወይ ወደ መደበኛ ካርድ እንዲያሳድጉሽ ትጠይቂያለሽ።

እምቢ ቢሉሽስ? መጠየቅሽ አያስቀጣሽም፣ ሊሚትሽም በዚህ ብቻ አይቀነስም። ባንኩ ውሳኔውን በ30 ቀን ውስጥ ሊያሳውቅሽ ይገባል፤ የከለከለበትን ምክንያትም የማወቅ መብት አለሽ። ደብዳቤውን አትጣይው። «ሒሳቡ የተከፈተው በቅርብ ነው» የሚል ከሆነ የቀረሽ መታገስ ነው። «ከሊሚቱ አንጻር ባላንሱ ከፍተኛ ነው» የሚል ከሆነ ቅድም ያወራነው የስቴትመንት ቀን ነው። «ገቢ በቂ አይደለም» ከሆነ ገቢሽን በትክክል ማስገባትሽን እዪ። ከዚያ ወደ ስድስት ወር ገደማ ቆይተሽ ድገሚው፤ በየሳምንቱ መጠየቅ የትም አያደርስም።

ደብዳቤው ላይ የማታውቂው ነገር ካየሽ ግን፣ ለምሳሌ ያላለፈሽ ክፍያ «አልፏል» ካለ፣ ወዲያው ሪፖርትሽን አውጪ። እምቢታው በክሬዲት ሪፖርት ላይ ከተመሠረተ ከዚያ ቢሮ በ60 ቀን ውስጥ በነፃ የማግኘት መብት አለሽ። ከዚያም ውጪ የሦስቱንም ሪፖርት አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። እኛ ላይ ይኼ ነገር ሲበዛ የማየው በስማችን የተነሳ ነው። የአባታችን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይጻፋል። ታደሰ፣ ተስፋዬ፣ ከበደ የሚባል አባት ያለው ሰው ዲሲና ሜሪላንድ ውስጥ ስንቱ ነው! የሌላ ሰው ዕዳ ያንቺ ፋይል ውስጥ ሊገባ ይችላል። አጻጻፉም ይለያያል፤ ጽጌ የምትባል ልጅ በአንዱ ሰነድ በ«ቲኤስ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ብቻ ተጽፋ ታሪኳ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ያን ጊዜ የ10 ወሩ ዋስሽ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው።

ስሕተት ካገኘሽ ለቢሮው በጽሑፍ አመልክቺ፤ እንደ ደንቡ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው ሊመልሱልሽ ይገባል። ለባንክሽም ስምሽን ልክ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድሽ ላይ እንዳለው አድርገው እንዲያስተካክሉ ንገሪያቸው። ሁለተኛውን ጥያቄ ከዚያ በኋላ አስገቢ።